የጣና መግቢያና መውጫ
ስለ ፎገራ ሜዳ ውሃና የአየር ጠባይ የቀረበ የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ስለ ጣና ባሕር ብዙ ተጽፏል። ይሁን እንጂ የተጻፈውን ሰብስበን ስንመለከተው የሚበዛው ስለ ሁለት ቦታዎች ነው። አንደኛው የግልገል ዓባይ ምንጭ ያለበት ግሽ ዓባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓባይ ከባሕሩ የሚወጣበት ባሕር ዳር ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ ወደ ባሕሩ ስለሚገባበት ስለ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለት ስለ ፎገራ ሜዳና ስለ ወረታ አካባቢ፣ የተጻፈው ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው አሳብ አንድ ነው። የጣና ታሪክ ከመውጫው በኩል ሲታይ «ምን ያህል ውሃ ይወርዳል?» የሚል ጥያቄ ታሪክ ነው። ከመግቢያው በኩል ሲታይ ግን «ውሃው እስከ የት ደርሶ ይቆማል?» የሚል ጥያቄ ታሪክ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ መንግሥታት፣ መሐንዲሶችና የውጭ አገር መልክተኞች ሲጠይቁት ኖረዋል። ሁለተኛውን የሚጠይቀው ከብቱን በሜዳው የሚያሰማራውና እህሉን በዚያው የሚዘራው ገበሬ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ለአንደኛው የተሰጠ መልስ ሌላኛውን ሲጎዳ ታይቷል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ጣና እንደ ጉድጓድ ሳይሆን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ውሃ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ለፎገራ ታሪክ ይህ ጠባይ ትልቅ ትርጉም አለው። በጥልቅ ሐይቅ ውሃው አንድ ሜትር ቢጨምር ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ግን አንድ ሜትር የጨመረው ውሃ በሜዳው ላይ ይተኛል።

ወደ ባሕሩ ከሚገቡት ብዙ ወንዞችና ጅረቶች መካከል ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። ከወንዞች ከሚገባው ውሃ ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው የእነዚህ የአራቱ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ርብና ጉማራ፣ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ከሚያልፈው ከጉና ተራራ ወገብ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ያልፋሉ። የወረታ ከተማ የምትገኘው በሁለቱ መካከል ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ከወረታ በፊት ጉማራን፣ ከወረታ በኋላ ርብን ይሻገራል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ከወረታ ነው።

ወንዞቹ ከተራራው ሲወርዱ ፈጣኖች ናቸው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ቁልቁለቱ ስለሚያልቅ ጉልበታቸው ይደክማል፤ የተሸከሙትን አፈርና አሸዋም እዚያው ይጥሉታል። የፎገራን ጥቁር ዋልካ መሬት በየዘመኑ ያደለበው ይህ ደለል ነው። ነገር ግን ደለሉ የወንዙንም ወለል ከፍ ስለሚያደርገው ወንዙ በክረምት ከመሄጃው ወጥቶ በሜዳው ላይ ይፈሳል። እንግዲህ ሜዳውን የሠራውና ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ያው አንድ ነገር ነው።

የክረምቱ ጠባይና የባሕሩ ሒሳብ

በጣና ተፋሰስ ዝናም የሚዘንበው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የሐሩር ክልል ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ በበጋ ወደ ደቡብ ይርቃል፤ በክረምት ወደ ሰሜን ሲመጣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ እርጥብ አየር ወደ ደጋው ይገባል። ይህ አየር እንደ ጉና ያለ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ዝናም ሆኖም ይወርዳል። በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ የተባለው የውሃ ሙቀት ሲነሣ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። የወረታ ገበሬ የሚጠብቀው ደመና ከዓለም አየር ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

በባሕሩ ገጽ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናም በአማካይ 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ከባሕሩ ገጽ የሚወስዱት ከ1,500 ሚሊ ሜትር አያንስም። ጣና በራሱ ዝናም ብቻ ቢኖር ኖሮ በየዓመቱ እየጎደለ ይሄድ ነበር። ጉድለቱን ሞልተው፣ ተርፎም በዓባይ በኩል እንዲወጣ የሚያደርጉት ወንዞቹ ናቸው።

የወቅቱም ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ወንዞቹ እጅግ የሚሞሉት በነሐሴ ነው። ባሕሩ ግን የተቀበለውን ወዲያው ስለማይለቅ ከፍታው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ወደ መስከረም ነው፤ ዝቅ የሚለውም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለመደው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲመጡ ከፊታቸው የሚጠብቃቸው እርሱም እየሞላ ያለ ባሕር ነው። ወንዙ ወደ ፊት ሊገፋ ሲል ባሕሩ ይመልሰዋል፤ መካከል ላይ የሚቀረው ፎገራ ነው።

ባሕሩ የደረቀበት ዘመን

ጣና ዘላለም እንዳሁኑ ሆኖ የኖረ ይመስለን ይሆናል። ሊቃውንት ከባሕሩ ወለል የተቈፈረ ጭቃ መርምረው በ1999 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ያስረዳል። ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ፣ የምድር ሰሜናዊ ክፍል በበረዶ ተይዞ ሳለ፣ በእኛ አገር ዝናሙ እጅግ ስለ ቀነሰ ጣና ደርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናሙ ሲመለስ ባሕሩ ሞላ፤ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊትም በመውጫው በኩል ፈስሶ ከዓባይ ጋር እንደ ገና ተገናኘ። ከዚህ የምንማረው ባሕሩ በመሬቱ ቅርጽ ብቻ የሚኖር አለመሆኑን ነው። ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ መውጫውን ዘግቶ ገንዳውን ሠራ፤ ገንዳውን የሚሞላው ወይም የሚያጎድለው ግን የአየር ጠባይ ነው።

ነገሥታቱና ሜዳው

ወደ ጽሑፍ ታሪካችን ስንመጣ አንድ ነገር እናስተውላለን። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንግሥታችን መቀመጫውን በጣና ዙሪያ አደረገ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ ሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ፤ ዐፄ ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መረጡ። ጉዛራ ወደ ጣና ቍልቍል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፤ ደንቀዝና ደብረ ታቦርም ደጋ ናቸው። በሜዳው መካከል ግንብ የሠራ የለም።

ምክንያቱ የሚገኘው ከውሃው ነው። ሜዳው በክረምት ረግረግ ስለሚሆን ለሠፈርም ለመንገድም አይመችም ነበር፤ ወባውም ያስፈራ ነበር። ይህ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 የሚያህል ሰው እንደ ጨረሰ ተገምቷል። ቢሆንም ሜዳው ለመንግሥቱ ይጠቅም ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር ለከብትም ለፈረስም የተመቸ ነበርና። በወተቱ የታወቀው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬው የፎገራ ከብት የዚህ ሜዳ ልጅ ነው። የጎርፉን ጊዜ በዳር ሆኖ ማሳለፍ፣ የሣሩን ጊዜ በሜዳው መሰማራት፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ጓያና ሽምብራ መዝራት፤ የፎገራ ሰው ከውሃው ጋር የነበረው ስምምነት ይህ ነበር። በባሕሩ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎችም ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ከዚያው ውሃ ኑሯቸውን ያገኙ ነበር።

በዚያ ዘመን ከውጭ አገር የመጡት ሰዎች ግን ዓይናቸው በሌላ ቦታ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. የደከሙት የግሽን ምንጭ ለማየት ነው። የዓባይን ራስ ማግኘት ለአውሮጳ ሰው ታላቅ ዝና ነበር፤ ርብ ስንት ማሳ እንዳጥለቀለቀ መመዝገብ ግን ማንንም አያስከብርም ነበር።

የመውጫው ፖለቲካ

እንግሊዝ ግብፅንና ሱዳንን ከያዘች በኋላ ዝናው ወደ ጥቅም ተለወጠ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልክተኛ ጆን ሃሪንግተን በተፈራረሙት ውል ሦስተኛው አንቀጽ፣ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ተባለ። በኢትዮጵያ በኩል ይህ ቃል ወራጁን ፈጽሞ መድፈንን እንጂ በውሃው መጠቀምን አይከለክልም የሚል ክርክር ሲቀርብበት ኖሯል።

በ1913 ዓ.ም. ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት እንግሊዞች ባሕሩን እንዲያጠኑ ተላኩ። የተፈለገውም ጣናን የሱዳንና የግብፅ ጥጥ የሚጠጣበት ማጠራቀሚያ ለማድረግ ነበር። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ለመረዳዳት በደብዳቤ ተስማሙ፤ የአገሩን ባለቤት ግን አላማከሩም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ሰኔ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ፤ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ የለንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። ቀጥሎ በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ፤ ኩባንያውም በ1923 ዓ.ም. ባሕሩን አስለካ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ነገሩ ሁሉ ቀረ።

ይህ የዲፕሎማሲ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የነጻነት ታሪክ ሆኖ ነው፤ ትክክልም ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን። በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ጣና እንደ ገንዳ ይታያል፤ ጥያቄው ገንዳው ስንት ይይዛል፣ መቼስ ይለቃል የሚል ነው። ገንዳው ሲሞላ ዳሩ ማን እንደ ሆነ ግን ዋና ጉዳይ አልሆነም። ግድቡ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ትርፉን ካርቱምና ካይሮ በኩብ ሜትር ይቈጥሩት ነበር፤ ፎገራና ደምቢያ ግን ኪሳራውን በጥማድ ይቈጥሩት ነበር።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ጣና በስም የዓባይ ራስ ይባል እንጂ በሱዳን ወሰን ላይ ከሚያልፈው የዓባይ ውሃ የእርሱ ድርሻ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን የሚያመጡት ከጣና በታች የሚገቡት ገባሮች ናቸው። መንግሥታቱ የተሻሙት የውሃውን ብዛት ሳይሆን የባሕሩን የማጠራቀም ጠባይ ነበር ማለት ይቻላል።

ልኬት የተጀመረበት ዘመን

ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ አጠና። የባሕሩ ከፍታና የወንዞቹ ውሃ ሳይቋረጥ መለካት የጀመረው በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው፤ የዛሬ ሊቃውንት የሚሠሩበት ረዥም መዝገብም ከዚያ ይነሣል። በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የመውጫው ውሃ ከዚህ በኋላ መብራት ሆነ። ይህ ለአገር ታላቅ ጥቅም ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግን የባሕሩን ከፍታ የሚወስነው ዝናም ብቻ መሆኑ ሊያበቃ መንገድ ተጠረገ።

በ1988 ዓ.ም. በመውጫው ላይ የጨረ ጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ተጨማሪ በሮች ተደረጉለት፤ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ባሕሩ ሲጎድል የመውጫው ድንጋይ እንደ ደፍ ሆኖ ውሃውን ይይዘው ነበር። በሮቹ ከተሠሩ በኋላ ግን ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ውሃውን መያዝም መልቀቅም የሰው ፈቃድ ሆነ።

የ1995 እና የ1998 ዓ.ም. ትምህርት

ሁለት ዓመቶች ይህን ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ አስረድተዋል። በ1995 ዓ.ም. ዝናሙ አንሶ ሳለ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ ስላልቀነሰ ባሕሩ ከዚያ በፊት በመዝገብ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። መርከቦች መሄድ ተቸገሩ፤ ደንገሉ ደረቀ፤ ውሃው ትቶት በሄደው መሬት ላይም ገበሬዎች የባሕር ሸሽ እርሻቸውን ወደ ውስጥ ገፉ። ዘር የዘራ ሰው መሬቱን የእኔ ይላል፤ ባሕሩ ግን ማሳውን ለሰው ሰጥቶ የሚቀር አይደለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋና የኦሞ ወንዝ ዳር በጎርፍ ሲመቱ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያም በውሃ ተዋጡ። ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ተሰደዱ፤ እህልና ከብትም ጠፋ። ያ ጎርፍ የአንድ ክረምት ዝናም ብቻ የፈጠረው አልነበረም። የጉና ወገብ ታርሶ የተራቆተው አፈር፣ በደለል የተሞላው የወንዝ ወለል፣ ሰው ጎርፍን ለመከላከል የከመረው ካብ፣ ወደ ዝቅተኛው መሬት የገፋው እርሻ፣ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። በመውጫው በኩል ስናይ 1995 የእጥረት፣ 1998 የጥጋብ ዓመት ነው። በመግቢያው በኩል ግን ሁለቱም የችግር ዓመቶች ናቸው።

ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ጣና ከዚህ በኋላ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ በዓባይ፣ ሁለተኛው በዋሻ በኩል ወደ በለስ። በርብ ወንዝ ላይም ለመስኖ የሚሆን ግድብ ተሠርቷል። ይህ ለሜዳው አዲስ ምዕራፍ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃው በመውጫው ብቻ ሳይሆን በመግቢያውም በሰው እጅ ገብቷልና። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ትልቁ ማጠራቀሚያ ከጣና ርቆ በሱዳን ወሰን አጠገብ መሆን እንደሚችል አሳይቷል። የ1913ቱ አሳብ፣ ጣናን የታችኞቹ አገሮች ገንዳ የማድረግ አሳብ፣ በዚህ መሠረቱን አጥቷል ማለት እንችላለን።

ሩዝ፤ ከጎርፍ ጋር የተደረገ አዲስ ስምምነት

በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ አልጠፋም፤ ገበሬው ራሱ ተቀብሎ አስፋፋው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር የሰፈሩን ስም ይዞ ቀረ። ጤፍ የሚበሰብስበት ውሃ ለሩዝ ምግቡ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ዘመን በክረምት ለእርሻ የማይሆን ይባል የነበረው መሬት ሀብት ሆነ። የወረታ ገበያ የሩዝ ገበያ ሆነ፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ገባ፤ በከተማይቱም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ሩዙ ሳይታጨድ በመካከሉ ጓያ የሚዘራው ገበሬ የአባቶቹን የእርጥበት ዕውቀት በአዲሱ እህል ላይ እንደ ጨመረበት ልብ ይሏል።

ሆኖም ለዚህም የተከፈለ ዋጋ አለ። የግጦሹ ሜዳ ስለ ታረሰ የፎገራ ከብት ዘር ተመናምኗል። የክረምቱን ትርፍ ውሃ ይቀበሉ የነበሩት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች በበጋ ውሃቸው ለመስኖ እየተቀዳ፣ ዳራቸውም እየታረሰ ጠበዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አረም በባሕሩ ዳር ተስፋፍቷል። ረግረግ ማለት ባዶ መሬት አይደለም፤ የጎርፉ ማረፊያ፣ የደለሉ ማጣሪያና የዓሣው መራቢያ ነው። ማረፊያውን ያጣ ጎርፍ ወደ ቤት ይመጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን ስንሰበስብ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ጣና የሚኖረው በወንዞቹ ስለ ሆነ የባሕሩን ታሪክ ከግሽና ከባሕር ዳር ብቻ መጻፍ ግማሹን መተው ነው። ሁለተኛ፣ ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጣና የተደረገው ክርክር ሁሉ የመውጫው ክርክር ነበር፤ መጀመሪያ የጥጥ፣ ኋላም የመብራት። የነጻነቱን ክርክር አባቶቻችን ረተዋል። የመግቢያው ክርክር ግን በአገር ውስጥ፣ በእኛው መካከል የሚፈታ ነው፤ የጨረ ጨራ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የወረታ ገበሬ ዘሩ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ የፎገራ ሰው ከውሃው ጋር ስምምነቱን በየዘመኑ ሲያድስ ኖሯል፤ ቀድሞ በከብት፣ ኋላ በሩዝ። ውሃውን ሊያጠፋው አልፈለገም፤ የሚፈልገው ጊዜውንና ልኩን ማወቅ ነው።

ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ከዚህ ይነሣል። የወንዞቹ መለኪያ የሚነግረን ቍጥሩን ነው፤ ጎርፉ እስከ የትኛው ዛፍ፣ እስከ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ደረሰ፣ ማን መሬት እንዳገኘና ማን እንዳጣ የሚነግሩን ግን የሜዳው ሽማግሌዎች ናቸው። የመሐንዲሱ መዝገብና የሽማግሌው ትዝታ ጎን ለጎን ቢጻፉ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። የመውጫው መዝገብ በብዙ ቋንቋ ተጽፎ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ የመግቢያውን መጻፍ የእኛ ተራ ነው።